ሚኒሞውን ዝቅ አድርግልኝ

ጋራዥ ውስጥ ከምሰማቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቶሎ እሺ የማልለው ይሄኛውን ነው። "ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ።" ሚኒሞ ማለት እግር ከፔዳሉ ላይ ተነስቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ሰውየው ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው የሚጠይቀኝ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስለዋል። አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ብሎን፣ አለቀ።

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በካርቡራተር ዘመን፣ ነዳጅና አየር ያለ ኮምፒውተር ይቀላቀሉ በነበረበት ጊዜ፣ እውነት ነበር። ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች አዲስ አበባን ሞልተው በነበረበት ጊዜ ሚኒሞ የሚስተካከለው በብሎን ነው። ጥሩ መካኒክ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ብሎኗን ሩብ ዙር ያህል ያዞራታል። ሞተሩ ይረጋል። ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ያኔ መድኃኒቱ እሱ ነበር፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት እንደዚያ ከሚሠሩ ሰዎች ነው። እጃቸውን አከብራለሁ።

ዛሬ የምንነዳቸው መኪኖች ግን ኮምፒውተር አላቸው። ሚኒሞው ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲሞቅ ዝቅ ያደርገዋል። ኤሲ ሲበራ ትንሽ ይጨምርለታል። ይህንን ሁሉ የሚያደርገው አየር የምታሳልፍ አንዲት ቫልቭ እየከፈተና እየዘጋ ነው። ብሎን አዙረን ዝቅ ብናደርገው እሱ ደግሞ ቫልቯን ከፍቶ ወደሚፈልገው ቦታ ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ ሲያዞሩ መዋል ይቻላል።

ስለዚህ ሚኒሞው ከፍ ያለ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው ስለ ነዳጅ አይደለም። ስለ አየር ነው። የቤንዚን ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከሚገባለት አየር ነው። ነዳጁን ኮምፒውተሩ በአየሩ ልክ ይመጥነዋል። እግር ከፔዳሉ ላይ ተነስቶ ሞተሩ የሚጮህ ከሆነ፣ በሆነ መንገድ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። መንገዶቹ ደግሞ ብዙ አይደሉም። ወይ ትሮትሉ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር፣ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ወይ አንድ ቱቦ ወይም ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቀዷል፤ ወይ የሚኒሞ ቫልቯ ተከፍታ ቀርታለች። ወይ ደግሞ ቫልቯ ጤነኛ ሆና ኮምፒውተሩ ራሱ "ክፈቺ" ብሏታል። ይህ የመጨረሻው ነው ብዙ ሰው የሚያልፈው። ልጽፍ የተነሳሁትም ስለሱ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላ ይዘው መጡ። ቤታቸው ኮተቤ ነው። መኪናዋ ንጹሕ ናት፤ ወንበሯ ላይ ያለው ልብስ እንኳ የተተኮሰ ይመስላል። ችግሯ ቆም ስትል ሚኒሞዋ በደቂቃ 1,200 ዙር ገደማ ላይ መቀመጡ ነው። የዚያች መኪና ትክክለኛ ልክ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከ700 እስከ 800 ባለው ውስጥ ነው። አውቶማቲክ ስለሆነች ደግሞ ዲ ሲያስገቡ ደንገጥ ትላለች፤ ፍሬን ካልያዟትም ትሄዳለች።

"ልጄ፣ እግሬ አለቀ" አሉኝ። "መብራት ላይ ቆሜ ከመኪናዋ ጋር ትግል ነው።"

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሚኒሞው ከፍ ያለ አውቶማቲክ መኪና ፍሬኑ ትንሽ ሲላላ ወደፊት ይገፋል። ከፊት ለፊት ደግሞ ዜብራ ላይ የሚሻገር ሰው አለ። ነዳጁና ካምቢዮው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከኔ በፊት መኪናዋን ያዩዋት ሌሎች ነበሩ። አንዱ ካንዴላ ቀይሯል። አንዱ የሚኒሞ ቫልቯን ከሶማሌ ተራ በተገዛ ያገለገለ ቫልቭ ለውጧል። ሌላው የሙቀት ሴንሰሩን ለውጧል። ኮፈኑን ስከፍት ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ትሮትሉ ሲዘጋ የሚያርፍባት ትንሿ ብሎን ላይ ፋብሪካው የቀባው ቀለም ተሰንጥቋል። ጫፏ በካቻቢቴ ተፋፍቋል። አንድ ሰው ሚኒሞውን ዝቅ ሊያደርግ ብሎ ፈቷታል ማለት ነው። ያቺ ብሎን የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለችም። ሥራዋ የትሮትሉ ክብ ብረት ከቤቱ ግድግዳ ጋር እንዳይናከስ መያዝ ብቻ ነው። ከተፈታች ብረቱ ይነክሳል። ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ያዝ አድርጎ ከዚያ ድንገት ይለቃል። መምህሩም ይህንኑ ነግረውኝ ነበር፤ ሌላ በሽታ መስሏቸው።

እኔ ግን ገና ምንም ሳልነካ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው ከፍ የሚለው ወይስ የሚወርድበት ሰዓት አለ?"

አሰብ አደረጉ። ጠዋት በቀለበት መንገድ በደንብ ነድተው መጥተው ሲቆሙ ከፍ ይላል። ቀትር ላይ መገናኛ ተጨናንቆ ብዙ ሲቆሙ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። "የሚገርመው" አሉ፣ "መንገዱ ሲከፈትልኝ ነው የሚብሰው።"

መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ፍለጋው ጠበበ። የተቀደደ ቱቦ ቀለበት መንገድና መገናኛን አይለይም። ተጣብቃ የቀረች ቫልቭም እንደዚያው። ንፋስ ሲያገኝ የሚብስ፣ ቆሞ ሲግል የሚሻለው ነገር ከሙቀት ጋር ጉዳይ አለው። ደንበኛ ይህንን ቢነግረን ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ችግሩ እኛም አንጠይቅም፣ እነሱም ቁም ነገር አይመስላቸውም።

ቢሆንም በግምት አልሠራም። መጀመሪያ ከፔዳሉ ወደ ትሮትሉ የሚሄደውን የነዳጅ ገመድ አየሁ፤ ላላ ብሏል፣ ደህና ነው። ምንጣፉ ፔዳሉን አልያዘውም። ይህ የሚያስቅ ቢመስልም በምንጣፍ ምክንያት የመጣ መኪና አጋጥሞኛል።

ከዚያ ፍለጋውን ለሁለት የሚከፍለውን ሥራ ሠራሁ። በዚህ ዓይነቷ ኮሮላ ላይ ለሚኒሞ የሚሆነው አየር የሚገባው ከትሮትሉ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው። የአየር ቱቦውን ፈትቼ አወጣሁት። ሞተሩ እየሠራ ነው። ውስጡ ጥቁር ቅባት የለበሰ የብረት አፍ ነው፤ ታች በኩል ቀዳዳዋ ትታያለች። አውራ ጣቴን ጫንኩባት። ጣቴን ሳብ አድርጋ ያዘችው፤ ሞተሩም ወዲያው ዝቅ አለ፣ ሊጠፋ ተንገዳገደ። ጣቴን አነሳሁ፤ ተመልሶ 1,200።

ከዚህ ብዙ ነገር ይታወቃል። ጣቴ ሲዘጋት ሞተሩ ከወረደ ትርፉ አየር የሚመጣው በሕጋዊው መንገድ፣ በቫልቯ በኩል ነው። ባይወርድ ኖሮ ከትሮትሉ በስተኋላ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነበር፤ ቱቦዎቹንና ማኒፎልዱን (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) እፈልግ ነበር። አንድ ጣት ግማሹን ሞተር ከጥርጣሬ አወጣው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአየር መለኪያቸው ቱቦው ላይ የተገጠመባቸው መኪኖች ቱቦው ሲወጣ ሊጠፉ ወይም ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። የዚህች ኮሮላ ሴንሰር የሚለካው ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሆነ አልተቸገረችም።

ቫልቯ ክፍት ናት። ተጣብቃ ነው ወይስ ታዝዛ? ያገለገለችም ብትሆን ተቀይራለች፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ችግር ይያዛሉ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ቴስተሬን አውጥቼ የሙቀት ሴንሰሩን ለካሁ። የዚህ ሴንሰር ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ልክ) ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም መሆን አለበት። እኔ ያገኘሁት 800 ኦም አካባቢ ነው። ሞተሩ ከኮተቤ ድረስ ተነድቶ መጥቷል፤ ሴንሰሩ ግን 50 ዲግሪ ገደማ ነው እያለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከኔ በፊት የነበረው ሰው ሴንሰሩን የቀየረው። አልፈርድበትም፤ ቁጥሩ ትክክል አይመስልም። ግን አዲሱም ሴንሰር ያንኑ አለ። ሁለት ሴንሰሮች አንድ ቃል ከተናገሩ ማመን ይሻላል። ሞተሩ በእውነትም 50 ዲግሪ ላይ ነበር።

የሙቀት ጌጁን አየሁ። መሃል መድረስ ነበረበት፤ ከታችኛው መስመር ብዙም አልተነሳም። "ጋሼ፣ ይህ ጌጅ ድሮም እዚህ ነው የሚቀመጠው?" አልኳቸው።

"አዎ፤ ከተሠራች ወዲህ አንድ ቀን ሙቀት አሳይታኝ አታውቅም" አሉ፣ በኩራት።

"ምን ተሠርታ ነበር?"

ከዓመታት በፊት ውሃ እየፈላባት ተቸግረው ነበር። አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለላቸው። ከዚያ ወዲህ ፈልታ አታውቅም።

ይህ ታሪክ እዚህ አገር ያልገጠመው መካኒክ ያለ አይመስለኝም። መኪና ከፈላ መጀመሪያ የሚወጣው ቴርሞስታቱ ነው። "ለኛ አገር አያስፈልግም፤ ለብርድ አገር ነው" ይባላል። ይህ አባባል ያናድደኛል። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳር ጠዋት ብርድ የሚቀምሰው ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ቴርሞስታቱ የውጭውን አየር አይደለም የሚጠብቀው፤ የሞተሩን ውሃ ነው። ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋበታል፤ ሲደርስ ይከፍትለታል። ከወጣ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል። በቀለበት መንገድ ንፋስ ራዲያተሩን ሲመታው ሞተሩ ሊሞቅ አይችልም። መገናኛ ላይ ንፋሱ ሲቆም ይሞቃል። መምህሩ የነገሩኝ ይህንን ነው፤ ቃል በቃል።

ኮምፒውተሩ ደግሞ የተነገረውን ነው የሚያምነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ተባለ፤ ስለዚህ ቫልቯን ከፈተ፣ ነዳጅም ጨመረ። ለዓመታት ጠዋት ሲነሳ የሚያደርገውን ቀኑን ሙሉ ሲያደርግ ኖሯል። ሥራውን በትክክል ነው የሠራው። እኛ ነን ዝም በል እያልን ብሎን ስናዞርበት የከረምነው። መምህሩም ነዳጅ ትበላለች ብለው ሲያማርሩ ነበር፤ ምክንያቱ ያው ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ዘይቱንም ያበላሻል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንና ከቃጠሎው የሚመጣው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ይደባለቃሉ፣ ተንኖ የሚወጣበት ሙቀት አያገኝም።

ማረጋገጫው ቀላል ነበር። መኪናዋን አሳድሬ ጠዋት አስነሳኋት። ቴርሞስታት ያላት መኪና ብትሆን ራዲያተሯ ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ከዚያ በአንዴ ይግላል። የሷ ግን ገና ከመነሳቷ ቀስ በቀስ ለብ እያለ መጣ። የቴርሞስታቱን ቤት ስፈታው ባዶ ነው።

ግን ቴርሞስታት ገዝቶ መግጠም ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ለምን ፈላች? ራዲያተሩን ስናወርደው የቧንቧ ውሃ ለዓመታት የተወው ዝገትና ነጭ ቅርፊት ግማሹን ደፍኖታል። ይህ ሳይጸዳ ቴርሞስታቱን ብመልስ መኪናዋ በሳምንቱ ትፈላና "ያ ልጅ አበላሸው" ይባላል። በዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑም ግፊት መያዝ አለበት። ራዲያተሩ ተጠረገ፣ ክዳኑ ተቀየረ፣ ኩላንት ተሞላ። ቴርሞስታቱን ከመግጠሜ በፊት በሻይ ማፍያ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አድርጌ መክፈቱን አየሁ። አዲስም ቢሆን ይህን አልዘልም። የተፈታችውን ብሎንም ትሮትሉ እስከማይናከስ ድረስ መለስኳት።

ሚኒሞው 750 ላይ ተቀመጠ። ሚኒሞ ብዬ የነካሁት አንድም ነገር የለም።

ጣቴን ስጭን ሞተሩ ባይወርድ ኖሮስ? ያኔ ወሬው ሌላ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ላስቲክ ቱቦ በሙቀትና በዘይት ይበላሻል፤ የሚሰነጠቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ወደ ማኒፎልድ የምትሄደውን አጭር ቱቦ እጠፍ አድርጎ ማየት ነው። ፍሬኑን ወደሚያቀለው ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦም እንዲሁ፤ እሱ ሲቀደድ ሚኒሞው ብቻ ሳይሆን ፍሬኑም ይደርቃል። ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጠጥ ማድረግ ነው፤ የትኛው ላይ ሞተሩ ዝቅ እንዳለ ማየት። ቁራጭ ቱቦ ጆሮ ላይ ይዞ በሌላው ጫፍ ማኒፎልዱን መዞር ደግሞ የፉጨቱን ቦታ ያሳያል።

አንድ ልማድ ግን እባካችሁ ይቅር። በሲሪንጅ ቤንዚን እየረጩ ቀዳዳ መፈለግ። የጋለ ሞተር ላይ፣ የካንዴላ ገመድ አጠገብ። በዚህ ሥራ የተቃጠለ እጅ አይቻለሁ። ውሃ በቂ ነው። ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ ውሃው ቀዳዳውን ለአፍታ ሲደፍነው ድምፁ ይለወጣል።

የቫኩም ጌጅ (ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ያላችሁ ወጣት መካኒኮችም አንድ ነገር ያዙልኝ። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። እውነት ነው፤ በባሕር ወለል ላይ። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ 12 ወይም 13 ያሳየ ሞተር ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ጓርኒሲዮን ለመቀየር ማኒፎልድ የፈቱ አሉ። ቀይ ባሕር ዳር የተጻፈ ቁጥር እንጦጦ ሥር አይሠራም።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ እያለ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ አትደናገጡ። ኮምፒውተሩ እግራችሁ ከፔዳሉ መነሳቱን ያውቃል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲዞር ነዳጁን ይቆርጣል። ሲወርድ ይመልሳል። አየሩ አሁንም አለና እንደገና ይወጣል። ያው የአየር ችግር ነው።

አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ስካነር (ከኮምፒውተሩ የጥፋት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ይረዳል፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን የሚወጣውን ኮድ አንብቦ ዕቃ ማዘዝ ምርመራ አይደለም። ፒ0505 ካለ ሚኒሞው ከቁጥጥር ወጥቷል ማለቱ ነው፤ ያንን ባለቤቱም ያውቃል። ፒ0128 ካለ ግን ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ አልደረሰም እያለ ነው፤ የመምህሩን መኪና ታሪክ በአንድ ቁጥር ይናገራል። ከኮዱ ይልቅ እኔ የማምነው የሙቀቱን ቁጥር እየነዱ ማየትን ነው። ትሮትላቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪኖች ላይ ደግሞ ትሮትሉ ከታጠበ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ሊል ይችላል። ኮምፒውተሩ የቆሸሸውን ልክ ለምዶ ስለቆየ ነው፤ አዲሱን እንዲማር ማድረግ እንጂ ዕቃ መቀየር አያስፈልግም።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። መምህሩ ከኔ በፊት ለካንዴላ፣ ለቫልቭና ለሴንሰር ከፍለዋል። ሦስቱም ጤነኛ ዕቃዎች ነበሩ የወጡት። ቀያሪዎቹ ሌቦች አልነበሩም። ዕቃ ካልቀየሩ ምን ብለው ይጠይቁ? ደንበኛው በእጁ የሚይዘው አሮጌ ዕቃ ካልተሰጠው የተሠራ ነገር የለም ብሎ ያስባል። ሐኪም ቤት ስንሄድ ገና ሳንታከም ካርድ አውጥተን እንከፍላለን፤ ሐኪሙ አይቶን "ምንም የለብህም" ቢለንም ገንዘቤን መልሱ አንልም። ጋራዥ ላይ ግን ካርድ የለም። ሁለት ሰዓት ጎንበስ ብሎ ላሰበ ሰው "ምን ሠራህና?" ይባላል። ስለዚህ ሰው ማሰብ ትቶ መቀየር ይጀምራል። ወጣቶቹ ተለማማጆች የሚማሩትም ይህንኑ ነው፤ ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ ግን ለምን ብሎ መጠየቅ እንጀራ እንደማይሆን ቀድመው ያያሉ።

እኔ አሁን ደረሰኙ ላይ "ምርመራ" ብዬ ለብቻው እጽፋለሁ። ዋጋውን ሥራውን ሳልጀምር ነው የምናገረው። ጥፋቱ ሳይገኝ ከቀረ ደግሞ አልጠይቅም። አንዳንዱ ደንበኛ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል፤ መብቱ ነው። መምህሩ ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከራዲያተሩ ጥርጊያና ከቴርሞስታቱ ዋጋ በላይ ያቺን መስመር በጣታቸው ነኩ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ስፈልግ የዋልኩበት ነው፣ ጋሼ።"

"እሷን እኮ ነው ድሮ መክፈል የነበረብኝ" አሉና ከፈሉ።